ጉባኤና ቁልፍ፦ ስለ ተማሪዎች መሰብሰቢያ ስፍራ ከልደታ እስከ ስድስት ኪሎ

መግቢያ

«ጉባኤ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይዞ ይገኛል። የተሰበሰበውን ሰው ያመለክታል፤ መምህሩ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምርበትም ቤት «ጉባኤ ቤት» ይባላል። በአባቶቻችን አነጋገር እንግዲህ ስብሰባና የስብሰባ ቤት ተለያይተው አያውቁም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው፣ በዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪው የት ይሰበሰብ እንደ ነበረና የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደ ነበረ ነው። የተማሪው ክርክር ከአዳራሽ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳም ወደ መንገድ የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የቁልፉ ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ልደታ

ከልደታ የምንነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 1 ቀን የሰፈሩ ሰው ንፍሮውን ቀቅሎ በየደጁ በአንድነት ይቀመጣል፤ ለዚህ ስብሰባ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። በደብሮቻችን ያለውን የሰንበቴ ቤት ብንመለከት ደግሞ፣ ቤቱ የማኅበርተኞቹ ነው፤ ድግሱ በተራ ይዞራል፣ ሁሉም በየተራው አስተናጋጅ ይሆናል። እዚያ የተቀመጠ ሰው እንግዳ አይደለም።

በዚሁ በልደታ ሰፈር የሕንጻ ኮሌጅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ቤት መሥራትን እንደ ከፍተኛ ትምህርት ያስተማረ ተቋም ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ስም ተጠቃለሉ፤ የልደታውም ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስፍራው አንድ አልሆነም። የዩኒቨርሲቲው ማዕከል ስድስት ኪሎ ሆነ፤ ከልደታ እስከዚያ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዓለማያውና የጎንደሩ ተማሪማ ከነጭራሹ በሌላ ከተማ ነበር። ለልደታው ተማሪ እንግዲህ «የተማሪዎች ስብሰባ አለ» ማለት ከተማውን ማቋረጥ ማለት ነበረ።

አራት ኪሎ

የስብሰባው ታሪክ ግን ከዚህ በፊት ይጀምራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በአራት ኪሎ ሥራ ሲጀምር፣ ተማሪው አዳሪ ነበር። በአንድ ግቢ የሚበላና የሚያድር ሰው መሰብሰቢያ ቦታ አይቸግረውም፤ መመገቢያ ቤቱ ራሱ ጉባኤ ነው። እኛም በተማርንበት በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርክር ማኅበራችን የሚሰበሰበው ገበታው ከተነሣ በኋላ በመመገቢያ ቤት ነበር። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፤ ቁልፉ ግን በዲሬክተሩ ኪስ ስለ ነበረ የክርክሩን ርእስ አስቀድመን እናሳይ ነበር። ስለዚህ የአራት ኪሎውን ነገር ስናነብ እንግዳ አልሆነብንም።

በአራት ኪሎ ትልቁ ጉባኤ «የኮሌጅ ቀን» ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ በተገኙበት ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም ያነበበው በዚህ በዓል ነው። ይህን ያህል ሰሚ የሚያገኝ መድረክ በአገሩ እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን መድረኩ የተጋባዥ መድረክ ነበር፤ ተማሪው ተናጋሪ እንጂ ባለቤት አልነበረም። ቆይቶም የአዳሪነቱ ሥርዓት ሲቀር፣ ብዙው ተማሪ በየሰፈሩ ተበተነ፤ ያ የመመገቢያ ቤት ጉባኤም አብሮ ተበተነ።

ስድስት ኪሎ

የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1953 ዓ.ም. ከተሞከረው የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ነው፤ በዚያ ግርግር መኳንንቱ የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። የንጉሥ እልፍኝ የተማሪ ስፍራ ሲሆን ማየት ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም እልፍኝ የተሠራው ባለቤቱ ጠርቶ እንዲያስገባ ነው፤ ሕንጻው ስሙን ቢለውጥም ይህ ጠባዩ በቶሎ አልለቀቀውም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የራስ መኰንን አዳራሽ ነው። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በአዳራሹ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ፖሊስም ገባ። ነገሩን ብዙ ሰዎች የልብስና የባህል ጠብ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ሌላም ጥያቄ ይታየናል፦ በተማሪው ግቢ ባለው አዳራሽ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?

በ1959 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድነት ማኅበር የየኮሌጁን ማኅበራት በአንድ ሲያሰባስብ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጠ፤ ማኅበሩ አንድ ሆነ፣ የራሱ ቤት ግን አልነበረውም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው የተሰበሰቡት በአዳራሽ ሳይሆን በስድስት ኪሎ ግቢ፣ በሰማይ ሥር ነበር፤ ተኩስም የተከፈተባቸው እዚያው ነው።

ከሌላ አገር

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ተማሪዎች የክርክር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1815 ተመሥርቶ፣ በ1817 በዩኒቨርሲቲው ሹም ትእዛዝ ተዘጋ፤ የተከፈተውም በ1821 ነው። በ1866 ግን ማኅበሩ የራሱን ሕንጻ አቆመ፤ በዚሁ ሕንጻ እስከ ዛሬ ይከራከራል። በሰው ቤት የሚከራከር ማኅበር «ውጡ» ሲባል ይወጣል፤ የራሱ ቤት ያለው ግን ቢያንስ በሩን ከውስጥ መክፈት ይችላል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። የተማሪዎች ማዕከል ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ወንበር ይይዛል የሚለው ነው። እኛ ሦስት ጥያቄ እንጨምራለን። ቁልፉ በማን እጅ ነው? የተራ መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ከትልቁ አዳራሽ ሌላ፣ አሥር ሰው ያለ ደብዳቤ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል አለ? ትልቁ አዳራሽ ለበዓል ያገለግላል፤ ሐሳብ የሚወለደው ግን በትንሹ ክፍል ነው።

የልደታው ኮሌጅ ቆይቶ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ኮንስትራክሽንና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሎ ነበር፤ በግቢውም የነገዎቹን አዳራሾች የሚነድፉት ይማራሉ። እነዚህ ጓደኞቻችን የተማሪ ማዕከል እንዲነድፉ ሲታዘዙ፣ እርሳሱን ከማንሣታቸው በፊት ወደ ጎረቤት ደብር ወረድ ብለው የሰንበቴውን ቤት እንዲያዩልን እንለምናለን። ቤቱ ጠባብ ነው፣ አግዳሚውም ሻካራ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የተቀመጠው ሁሉ ባለቤት ነው።