ሐውልቱን የተቀበለው መንደርደሪያ

ከአክሱም ሐውልቶች አንዱ በ1929 ዓ.ም. ከአገሩ የወጣው በየብስና በባሕር ነበር። የፋሺስት ወራሪዎች ተሰባብሮ ወድቆ የነበረውን ድንጋይ እስከ ምፅዋ አጓጉዘው በመርከብ ወደ ኢጣሊያ ጫኑት። ኢጣሊያ በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወራት ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታለች። ሐውልቱ ግን ከዚያ በኋላም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሮም ላይ ቆሞ ቀረ።

በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ሲፈታ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ በየት በኩል ይግባ? በሄደበት በምፅዋ እንዳይመለስ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ያንን በር ዘግቶታል። ከአዲስ አበባ እስከ አክሱም ያለው መንገድና ድልድዩም ያን ሸክም ይችላል ተብሎ አልታመነም። የቀረው ሰማዩ ነበር። የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የሚያርፍና የሚነሣ አውሮፕላን ደግሞ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል። ስለዚህ መንደርደሪያው ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ ተሻሻለ። ስለ ሐውልቱ መመለስ ሲነሣ ዘመናት የፈጀው ክርክርና ድርድር በስፋት ይተረካል፤ እኔ ግን ይህን የመሐንዲስና የሠራተኛ ድካም ከዚያ አላሳንሰውም።

ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ግዙፉ አንቶኖቭ 124 የሐውልቱን መካከለኛ ክፍል ይዞ አክሱም አረፈ። ሁለተኛው ክፍል ሚያዝያ 14፣ የመጨረሻው ሚያዝያ 17 ደረሰ። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት እንደገና ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም የሚጠራው ይህ ማረፊያ በዘወትሩ ቀን የሚያስተናግደው ቀለል ያለ ጭነት ነው፦ ለኅዳር ጽዮን የሚመጣ ምእመን፣ ከጎንደርና ከላሊበላ ጉብኝቱን የሚቀጥል እንግዳ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ የከተማው ልጅ። በመኪና ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ላልቻለ አዛውንት የአውሮፕላኑ ጥቅም ከቱሪዝም ገቢ በላይ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ያ መንደርደሪያ ተቆፈረ። ሐውልቱን ያስገባው አስፋልት ለአውሮፕላን የማይሆን ጉድጓድ ሆነ፤ ይህን ማሰብ እስካሁን ያመኛል። ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ መቀሌ በረራ ሲጀመር አክሱም ጥገናውን መጠበቅ ነበረባት። በረራው የተመለሰላት በ2016 ዓ.ም. ነው፤ አስጎብኚውም ባለ ሆቴሉም የእጅ ሥራ ሻጩም እንግዳቸውን እንደገና በአየር መጠበቅ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።