ጠበሳ በዱባይ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን እወቁ

ለሥራም ለሽርሽርም ዱባይ የምትሄዱ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «እዚያ ፍቅረኛ መያዝ ያሳስራል እንዴ?» አንዱ «ኧረ አሁን ሁሉም ተፈቅዷል» ይላችኋል፤ ሌላው «እጇን ከያዝክ አለቀልህ» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት። እኛ ሕጉንም ልማዱንም አንድ ላይ አድርገን አምጥተንላችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ የተለወጠውን እንይ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እስከ 2020 ድረስ ሳይጋቡ አብሮ መኖር በራሱ ወንጀል ነበር። እሱ ተነስቷል። በጃንዋሪ 2022 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ያለ ትዳር በፈቃዳቸው ግንኙነት ቢፈጽሙ ክስ የሚነሳው የትዳር ጓደኛ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ሲያመለክት ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ወንጀልነቱ አልቀረም። ካመለከቱ ቅጣቱ ከ6 ወር የማያንስ እስራት ነው። አመልካቹ ክሱን ከተወ ግን ጉዳዩ ይቆማል።

ስለዚህ ዱባይ ላይ ዋናው ጥያቄ «ማን አየን?» ሳይሆን «ማን ይከሰናል?» የሚለው ነው። የምታወሩት ሰው ባለትዳር ነው? ልጅቷ 18 ሞልቷታል? ይሄን ሳታጣሩ ቀጠሮ አትያዙ። «አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ» የሚለው እዚያ አገር በጣም ውድ ሀፍረት ነው።

የዕድሜው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2024 አንድ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ዱባይ ሄዶ ከአንዲት የአገሩ ልጅ ጋር ተዋወቀ። እሷ 17 ዓመቷ ነበር፤ 18 ልትሞላ ትንሽ ነው የቀራት። ልጅቷ አገሯ ከተመለሰች በኋላ እናቷ መልእክታቸውንና ፎቷቸውን አገኘችና ለዱባይ ፖሊስ አመለከተች። ልጁ ገና ዱባይ ነበር፤ ተያዘ፣ 1 ዓመት ተፈረደበት፣ በጁላይ 2025 በይቅርታ ተፈታ። ነገሩ የወጣው ከስልክ ነው።

ስልክ ካልን አይቀር፣ እኛ እዚህ እንደ ቀላል የምናያቸው ነገሮች እዚያ ከባድ ናቸው። የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ ማንሳት ወይም መለጠፍ በ2021 በወጣው የሳይበር ሕግ ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ያስቀጣል፤ እስራትም አለው። በዋትስአፕ መሳደብም እንዲሁ ያስከስሳል። ተጣልታችሁ ስትለያዩ ማታ በንዴት የምትልኩት ቮይስ ጠዋት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል። የቀድሞ ፍቅረኛን ስክሪንሾት ቲክቶክ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብም።

ጎዳና ላይስ? እጅ ለእጅ መያያዝ፣ በተለይ ለባለትዳሮች፣ ብዙም ችግር የለውም። አፍ ለአፍ መሳሳም ግን ተዉት። በ2010 ሁለት እንግሊዛውያን ምግብ ቤት ውስጥ ተሳሳሙ ተብለው የ1 ወር እስር ተፈርዶባቸዋል። እዚህ ላይ የእኛን የአበሻ ሰላምታም እናንሳ፦ ሴትና ወንድ ሆናችሁ ሞል መሀል ተቃቅፎ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግሞ መሳሳም ለማያውቀው ሰው ሌላ ነገር ይመስላል። እዚያ ስትገናኙ አሳጥሩት። የአገሬውን ሴት ደግሞ እሷ እጇን ካልዘረጋች እጅ አትዘርጉ፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላም ማለት ይበቃል። የአገሬው ወንዶች አፍንጫ ለአፍንጫ ነክተው ሰላም ሲባባሉ ካያችሁ አትሳቁ፣ የክብር ሰላምታቸው ነው።

አብራችሁ ሜትሮ ከገባችሁ ወንዱ የሴቶችና የሕፃናት ክፍል ውስጥ እንዳይቆም፤ 100 ድርሃም ያስቀጣል። ብዙ አዲስ ገቢ የሚቀጣው እሷን ተከትሎ ገብቶ ነው።

ቲንደር ላይ የተዋወቃችኋት ቆንጆ ገና በመጀመሪያው ቀን ቦታውን ራሷ መርጣ «እዚህ ክለብ እንገናኝ» ካለች ዋጋ ዝርዝሩን ሳታዩ ምንም አትዘዙ። ልጅቷ ትጠፋለች፣ ሂሳቡ ይቀራል።

በቤት ሠራተኝነት ላላችሁ እህቶቻችን ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በ2022 የወጣው ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ይሰጣችኋል፤ ፓስፖርታችሁም በእናንተ እጅ መሆን አለበት። ስለዚህ በእረፍት ቀን ሰው ማግኘት መብታችሁ ነው። ሆኖም ሳትናገሩ ውጭ ካደራችሁ አሠሪ «ጠፋች» ብሎ ሊያመለክት ይችላል። የምትመለሱበትን ሰዓት በጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ መልእክቱንም አታጥፉት።

እርግዝና ቢመጣስ? ሕጉ ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ መጋባት፣ ወይም አንዳቸው ወይም ሁለቱም ልጁን አምነው ተቀብለው ወረቀቱን ማውጣት። ሁለቱም ካልሆነ ከ2 ዓመት የማያንስ እስራት አለ። ይሄን ብቻችሁን ደብቃችሁ አትያዙት። ዱባይ ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን አለ፣ አቡዳቢ ኤምባሲያችን አለ። የሚያስገድዳችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ የፖሊስ ቁጥር 999 ነው።

አንድ ነገር ቀረን። ከላይ ያልነው ሁሉ ለኤምሬቶች ነው። እዚያው ኤምሬቶች ውስጥ እንኳ ሻርጃ ከዱባይ ትጠብቃለች፤ መጠጥም አይሸጥባትም። ኳታር ወይም ሳዑዲ የምትሄዱ ደግሞ የዱባዩን ሕግ ይዛችሁ አትሂዱ።