የሐርጌሳ ካሴቶችና አዲሱ ማኅደራቸው

የሐርጌሳን ያለፈ ዘመን ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ሶማሊኛ በአዋጅ የጸና ፊደል ያገኘው በ1972 መሆኑን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ አስቀድሞ ሙግቱና ዕርቁ፣ ውዳሴውና ወቀሳው በግጥም ተቋጥሮ በቃል ያዦች ልቡና ያድር ነበር፤ እነዚህም ሰዎች፣ በእኛ ቅኔ ቤት የመምህሩን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም እንደሚቀጽል ደቀ መዝሙር፣ የገጣሚውን ስም ሳያነሡ ወይም ቃሉን አዛብተው ማሰማትን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር።

በ1943፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ «ሬዲዮ ኩዱ» ተብሎ የተጀመረው ጣቢያ ኋላ ሬዲዮ ሐርጌሳ ሲሆን፣ ይህ የልቡና ሀብት ወደ ቴፕ መሻገር ያዘ። ካሴት በየቤቱ ከገባ በኋላማ ድምፅ ከመንግሥት እጅ ወጣ፤ በ1979 ጋሪዬ የተባለው ገጣሚ የጀመረውና ሐድራዊን የመሰሉ ብዙዎች የተቀባበሉት፣ የሥልጣንን በደል የሚነቅፈው «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት፣ ከከተማ ወደ ከተማ የተዛመተው በካሴት ነው።

በ1988 የሶማሊያው ገዢ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዪቱ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን አፈረሱ፤ ሕዝቡም እግሩ ወደ መራው፣ ብዙው ወደ እኛው አገር ወደ ሐርትሼክ፣ ተሰደደ። የሬዲዮው ቴፖች ግን አስተዋዮች በደበቋቸው ስፍራ፣ ከፊላቸው በመሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ከፊላቸው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተወስደው፣ ከጥፋት ዳኑ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማእከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበዋል።

ነገር ግን ካሴት ያረጃል፤ መግነጢሳዊው ሽፋን ይላላል፣ ድምፁም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጡ ግድ ነው። የድምፅ ማኅደር ሊቃውንት ዝቅተኛው ልክ ነው በሚሉት በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቢቀዳ፣ የአንድ ሰዓት ካሴት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ 10,000ው ደግሞ ወደ 10 ቴራባይት ይጠጋል። ለቅጂው የጠረጴዛ ጥግ የማትሞላ ትንሽ ኮምፒዩተር ትበቃለች፤ ሆኖም 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያላት እንደ ሆነች፣ የቴፑ ጫጫታ በሚጣራበት ጊዜ ትዘገያለች። ራም ሊጨምር የሚወድ ሰው እንግዲህ ሳይገዛ ክዳኗን ይክፈት፤ ብዙዎቹ ትንንሾች የሚቀበሉት የላፕቶፕን አጭር ካርድ ነው፤ የራም ትውልዱ ዲዲአር4 የሆነው ካርድ ለዲዲአር5 ትውልድ በተሠራ ማስገቢያ አይገባም፣ የካርዱ ጠርዝ የተሰነጠቀበት ስፍራ ይለያያልና፤ በአንዳንዶቹም ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ጭማሪ ከቶ አይታሰብም። እኔ ብጠየቅ፣ ማስገቢያው ሁለት ከሆነ፣ ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት እኩል ባለ 8 ጊጋባይት ካርዶች እመርጣለሁ፤ መረጃውን በሁለት መንገድ ያመላልሱታልና።

ራም ግን የሥራ ገበታ እንጂ ማኅደር አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቅጽበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። የተቀዳው ድምፅ በዲስክ ላይ፣ ያውም በሁለት ዲስኮችና በሁለት ከተሞች ሊቀመጥ ይገባል፤ የሐርጌሳ ቴፖች የዳኑት በአንድ ቤት ስላልተከማቹ ነው።

በጅጅጋም ሆነ በድሬዳዋ፣ ከስደቱ ዘመን የቀረ የሶማሊኛ ካሴት በሣጥኑ ያለው አንባቢ ቢኖር፣ ሳይጥለው በፊት ያስገልብጠው፤ አንዱንም ቅጂ ለሐርጌሳ ይላክ።