የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት
አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞ ላይ ከአባ ዮሐኒ ተምረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐይቅ ገቡ። ያኔ በውኃ በተከበበችው ደሴት ያደራጁት ገዳም መጻሕፍት የሚገለበጡበት ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም አለ። ብራናው የእሳቸውን ሥዕል ይዟል፤ በትርፍ ገጾቹም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ውድ ምስክር ማግኘት ይከብዳል፤ ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከረጅም ዘመን በኋላ ነውና። ገድሉ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ዙፋን የያዙት በእሳቸው እርዳታ እንደሆነ ይተርካል። የገዳሙ አበ ምኔትም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው።