የሰንፔር ሰማያዊነትና ዋጋው፦ ከካሽሚር እስከ ጭላ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በጋዜጣ ቁራጭ የጠቀለለውን ጠጠር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ዶክተር፣ ይህ ስንት ያወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ጠጠሩ ከአክሱም ብዙ ከማይርቀው ከጭላ አካባቢ የወጣ ነበር፤ በዚያ ሰንፔር መገኘቱ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የማዕድን ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን የተጠየቅሁት የታሪክ ጥያቄ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ላስረዳ።

ከስሙ ልነሣ። ሰንፔር የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 28 ሰንፔርን ከወርቅ ትቢያ ጋር አያይዞ ያነሣዋል፤ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒም የወርቅ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ መሆኑን ጽፏል። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የሚታየው ግን በላፒስ ላዙሊ ላይ ነው። በመሆኑም ብዙ ሊቃውንት የጥንቱ ሰንፔር በዛሬይቱ አፍጋኒስታን ከባዳክሻን ተራሮች ይወጣ የነበረው ላፒስ ላዙሊ ነው ይላሉ። ስሙ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲሻገር የቆየ ክብሩንም ይዞ ተሻገረ።

ዛሬ ሰንፔር የምንለው ኮረንደም የተባለውን ማዕድን ነው፤ ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለውም። ሰማያዊ የሚያደርጉት በውስጡ የገቡ እጅግ ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ናቸው። ይህ የታወቀው በቅርቡ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርኔይ ሩቢን በእሳት ነበልባል የሚሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ ሰማያዊውን ለማግኘት በመጀመሪያ በኮባልት የተደረገው ሙከራ ከሸፈ፤ ብረትና ቲታኒየም ሲጨመሩ ግን በ1910 ገደማ ተሳካ። ሰው ሠራሹ በይዘቱ ከተፈጥሮው አይለይም፤ ዋጋው ግን ከተፈጥሮው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዋጋ ከውበት ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ የተፈጥሮው ሰንፔር ገበያ ያኔ በተዘጋ ነበር።

ታዲያ ከምን ይመነጫል? እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ በካሽሚር፣ በፓዳር አካባቢ፣ 4,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናዳ ወርዶ ሰማያዊ ድንጋዮችን ገለጠ። የካሽሚር ማሐራጃ ስፍራውን በወታደር አስጠበቀ። በረዶ በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ በሚለቀው በዚያ ሸለቆ የተቆፈረው ምርጥ ክምችት በ1887 ገደማ ተሟጠጠ። በድንጋዩ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ሰማያዊው ከፈይ የመሰለ ልስላሴ አለው፤ ለዓይን በእርግጥ ውብ ነው። የዛሬው ገዢ ግን ከዓይኑ ይልቅ የሚያምነው፣ ቤተ ሙከራ «ካሽሚር» ብሎ የጻፈበትን ወረቀት ነው። ከስድስት ዓመት ያልበለጠ ቁፋሮ አንድን የቦታ ስም የዋጋ መለኪያ አደረገው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የስሪ ላንካው ታሪክ ነው። በዚያ «ጌውዳ» የሚባል ወተት መሳይ ኮረንደም ለዘመናት እንደ ተራ ጠጠር ይቆጠር ነበር። በ1970ዎቹ የታይላንድ ነጋዴዎች በርካሽ ገዝተው ወሰዱት። ድንጋዩን ያደበዘዘው በደቃቅ መርፌ መልክ የተቀመጠው የቲታኒየም ማዕድን ነበር፤ ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል መርፌዎቹ ሟሙ፣ ቲታኒየሙ ከብረቱ ጋር ተጣመረ፣ ድንጋዩም ሰማያዊ ሆነ። ቆፋሪው የሸጠው ጠጠር ነው፤ ባንኮክ የሸጠችው ሰንፔር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ምድጃና እውቀት ነው፤ ይህን «የገበያ ሕግ» ብሎ ማለፍ ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል።

የጭላው ሰንፔር ከባዝልት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ብረት ይበዛበታል፤ ስለዚህ ብዙው ጠቆር ይላል፣ አንዳንዱም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከመካከሉ ግን ጥሩ ሰማያዊ ይገኛል። እንደ ጌውዳው በርካሽ ወጥቶ ሌላ አገር ላይ ስም ያወጣ ይሆን?

የተማሪዬን ጠጠር በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ያዝኩት። መካከሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ዋጋውን አልነገርኩትም። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ወንዝ ዳር፣ በማን እጅ እንደ ወጣ ግን እዚያው እፊቴ አስጻፍኩት።