ከውሃ አባት እስከ ቧንቧ ሠራተኛ፤ በቆቦና በራያ ቆላ ውሃን የመምራት ፈቃድ ታሪክ

1. መግቢያ

ውሃን ከምንጩ ወይም ከወንዙ አንሥቶ ወደ ሰው ቤትና ወደ ሰው እርሻ የሚያደርስ ሰው፥ በእጁ የያዘው የራሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ጤናና እንጀራ ጭምር ነው። ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው፥ ውሃን ለመምራት የተፈቀደለት ማን ነው? የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ ሥራው ቢበላሽ የሚጠየቀው በማን ፊት ነው? የሚል ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በቆቦና በአካባቢው በራያ ቆላ በጥንቱ ልማድ እንዴት እንደ ተመለሱ፥ ኋላም የመንግሥት ሕግ በበኩሉ እንዴት እንደ መለሳቸው አነጻጽሮ ለማሳየት ነው። ጉዳዩ የቧንቧ ሠራተኛን ፈቃድ የሚመለከት ስለ ሆነ ለታሪክ ተመራማሪ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መንግሥትና ሕዝብ በየዕለቱ የሚገናኙት በእንዲህ ያለው ትንሽ ጉዳይ ነው።

2. የአገሩ ጠባይና የውሃ አባት

የቆቦ ከተማ የሚገኘው ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ቀድሞ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በራያና ቆቦ አውራጃ ውስጥ የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን ይገኛል። በስተ ምዕራብ የደጋው ገደላ ገደል፥ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይዋሰኑታል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ለም ነው፤ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። ይሁን እንጂ የበልጉም ሆነ የክረምቱ ዝናብ አስተማማኝ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰው ረኃብ የዝናብ መታጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለዓለም ሁሉ አሳይቷል።

የአገሩ ገበሬ ይህን ችግር ለመቋቋም ያገኘው ዘዴ ጎርፍን መጥለፍ ነው። በደጋው ላይ ዝናብ ሲዘንብ እንደ ሆርማትና እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች በድንገት ሞልተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ጎርፉ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፥ ገበሬው በአፈር፥ በድንጋይና በቅርንጫፍ ከሠራው ጠለፋ ላይ ሆኖ ወዲያው ወደ ቦይ ሊያስገባው ይገባል። ውሃው ከእርጥበቱ በላይ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ለመሬቱ እንደ ማዳበሪያ ያገለግላል። ያው ደለል ግን ቦዩን ይደፍናል፤ ብርቱ ጎርፍም ጠለፋውን ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው በየጊዜው የሚታደስ እንጂ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ስለማይችል፥ ውሃ ተጠቃሚዎቹ ከመካከላቸው የሚታመንበትን ሰው መርጠው «የውሃ አባት» ብለው ይሾማሉ። በትግርኛ ተናጋሪው የራያ ወገን ደግሞ ይኸው ሹም «አቦ ማይ» ይባላል። የሁለቱም ስም ትርጉም አንድ ነው። የውሃ አባት ተራ ያወጣል፤ ለጠለፋና ለቦይ ጥገና ሰው ይጠራል፤ ከሥራ የቀረውን ወይም ያለ ተራው ቦይ የሰበረውን ያስቀጣል፤ ከላይ ባለውና ከታች ባለው ገበሬ መካከል ይዳኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የውሃ አባት የሚታይ ወረቀት የለውም። ፈቃዱ የሰዎቹ እምነት ነው። ይህም ፈቃድ በየጎርፉ ይመረመራል፤ ምክንያቱም ቦዩ ግልጥ ሆኖ የተዘረጋ ነውና ውሃው የት እንደ ሄደ ሁሉም ያያል። ከታች ያለው ገበሬ ማሳው ደርቆ ቢያድር በማግሥቱ ሄዶ የሚጠይቀውን ሰው በስሙ ያውቀዋል።

3. ቧንቧ ሲመጣ በሌላው ዓለም የሆነው

ቧንቧ ግን ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ቧንቧ በመሬት ውስጥና በግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ የሠሪውም ጥፋት አብሮት ይቀበራል። በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል። የለንደን ቧንቧ ሠሪዎች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. ከንጉሡ ቻርተር የተቀበለ የሙያተኞች ማኅበር ነበረ። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት ቧንቧና ፍሳሽ ማስወገጃ በየቤቱ ሲገባ፥ ያልተማረ ሠራተኛ የሠራው መጋጠሚያ የበሽታ መግቢያ እየሆነ አስቸገረ። በ1871 ዓ.ም. የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በታይፎይድ ታሞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፥ ያረፈበት ቤት ፍሳሽ ማስወገጃ ስለ ተጠረጠረ ጉዳዩ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በ1886 ዓ.ም. ማኅበሩ ቧንቧ ሠሪዎችን ፈትኖ የሚመዘግብበትን ሥርዓት አቆመ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ፈተናና ፈቃድ በሕግ ግዴታ ወደ መሆን ደረሰ።

እንግዲህ ፈቃድ የተፈለገው ሕዝቡ ሥራውን በዓይኑ አይቶ መፍረድ ስላልቻለ ነው። የመንግሥት ፈታኝ ሕዝቡን ተክቶ ያያል ማለት ነው።

4. የኢትዮጵያ ሕግ ጉዞ

በአገራችን ቧንቧ የገባው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወገብ ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አወረደ። በዚያን ጊዜ የሥራው ዋስትና የንጉሡ እምነት ብቻ ነበረ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ለከተሞች አስተዳደር ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ስለ ውሃና ስለ ሠሪው በሰፊው ይናገራል። በቁጥር 1228 በወራጅም ሆነ በቋሚ ውሃ የመጠቀም ቅድሚያ የማኅበረ ሰቡ መሆኑን ይደነግጋል። በቁጥር 1236 ባለ መሬት ውሃን ለመስኖ ሲወስድ፥ ከታች ያሉትን ለቤታቸውና ለከብታቸው የሚጠቀሙበትን ሰዎች እንዳይጎዳ ይከለክላል። ይህ አሳብ በራያ ቆላ ለውሃ አባት እንግዳ አይደለም።

ስለ ሠሪው ደግሞ ቁጥር 2031 የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ሥርዓት እንዲጠብቅ ያዝዛል። ቁጥር 3039 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው መልካምነትና ጽናት እስከ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ነገር ግን ሕጉ ሠሪውን የሚጠይቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «ታውቃለህን?» ብሎ አይፈትነውም። በዚህ ሕግ ተጠያቂነት ከፈቃድ ቀድሞ መጣ ማለት ይቻላል።

የቅድሚያ ፈቃድ ሕጎች እየተሟሉ የመጡት ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የውሃ ሀብት ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 197 የውሃ ሥራ ለመገንባትና ውሃ ለማቅረብ ፈቃድ እንዲያስፈልግ አደረገ፤ የውሃ ሥራ ባለሙያነትም በፈቃድ እንዲሆን መሠረት ጣለ። በእጅ የተቈፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነጻ አደረጋቸው። በዚህም የውሃ አባትን ሥልጣን ሳይነካው አለፈ። በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ዐዋጅ ቁጥር 391 ወጣ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው ስልት የቧንቧ ሥራን ጨምሮ ለየሙያው ደረጃ ተዘጋጅቶ ሠራተኛው በምዘና የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ ዐዋጅ ቁጥር 624 ቢያንስ 10,000 ነዋሪ ባላቸው ከተሞች የሕንጻን ሥራ በሕግ ወሰነ፤ ቆቦም ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ናት። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ዐዋጅም የብቃት ማረጋገጫ የንግድ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ሆነ።

5. የተቀበረው መጋጠሚያ

ይህ ሁሉ ሕግ ካለ ታዲያ ምን ጎደለ? ብሎ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን ለማግኘት የቧንቧን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

በብዙ የአገራችን ከተሞች ውሃ የሚታደለው በፈረቃ ነው። ውሃው ሲለቀቅ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ስላለ፥ በላላ መጋጠሚያ በኩል ንጹሑ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲዘጋ ግን ግፊቱ ይወርድና በዚያው ቀዳዳ በኩል በአካባቢው ያቆረ ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። መስመሩ በፍሳሽ ቦይ አጠገብ ያለፈ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው ፈረቃ ያ ቆሻሻ ወደ ጎረቤት እንስራ ይሄዳል። የታመመው ልጅ አባት ጥፋቱን ከሦስት ቤት ወዲያ ባለ መጋጠሚያ ላይ እንደማይፈልገው የታወቀ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለወንዝ ቢሆንም ለተቀበረ ቧንቧም ይሠራል።

ሁለተኛው ጉዳት የድርሻ ነው። ከቆጣሪ በፊት በስውር የተቀጠለ ቧንቧ ከመስመሩ ጫፍ ያሉትን ቤቶች ግፊት ይቀንሳል። ይህ በጥንቱ ልማድ ያለ ተራው ቦይ ከሰበረው ሰው ሥራ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦይ ሰባሪው ይታያል፥ ቧንቧ ቀጣዩ አይታይም።

እንደ ተለመደው አሠራር የከተማ ውሃ አገልግሎት ኀላፊነት እስከ ቆጣሪው ድረስ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም በአቅራቢያው ያገኘውን ሠራተኛ በቃል ተስማምቶ ያሠራል። የብቃት ማረጋገጫው አንድ ጊዜ የተሰጠ ወረቀት ነው፤ ሠራተኛው አንድ ቀን ማወቁን ይመሰክራል። ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ የቀበረውን መጋጠሚያ ግን አላየውም።

6. ቧንቧ ወደ እርሻ ሲገባ

በራያ ቆላ ጉዳዩ በከተማው አጥር ውስጥ ብቻ የቀረ አይደለም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ በቧንቧ ወደ ማሳ ገባ፤ የጠብታ መስኖም ተዘረጋ። ጠብታ መስኖ ውሃን የሚቈጥብ መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበና የተበላሸው ዕቃ በጊዜው ካልተለወጠ ይደፈናሉ። ቦይ ለመጥረግ አካፋ ይበቃ ነበር፤ ይህ ግን የቧንቧ ሙያና መለዋወጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥገናው በጎደለበት ስፍራ ገበሬው ወደ ቦይ መስኖ መመለሱ አያስደንቅም።

ከዚያም በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦና አካባቢዋ ላይ ሲደርስ በሰሜን ወሎ የውሃ ተቋሞች ጉዳት ደረሰባቸው። የፈረሰው ሲጠገን በችኮላ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ማን እንደ ሠራው ሳይመዘገብ የተቀበረ መጋጠሚያ ደግሞ ለሚመጣው ትውልድ የሚቀር ዕዳ ነው።

ሕጉ ይህን ክፍተት ፈጽሞ አላየውም ማለት አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 841 ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መስኖአቸውን የሚያስተዳድሩበትን ሕጋዊ አካል ፈጠረላቸው። ይህም የውሃ አባት ሥርዓት በሕግ ልብስ እንደ መመለስ ያለ ነው። በከተማው ቧንቧ በኩል ግን ይህን የመሰለ የተጠቃሚ ዓይን ገና በሚገባ አልተተከለም።

7. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከተው ታሪክ ሁለት ዐይነት ፈቃድ እንዳለ ያሳያል። አንደኛው ከታች ያለው ሰው የሚሰጠውና በየጎርፉ የሚያድሰው ፈቃድ ነው፤ ጉድለቱ ሙያን አለመፈተኑና ከሚታየው በላይ አለማየቱ ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ሙያን ይፈትናል፥ ጉድለቱ ግን ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ሠሪውን ከሚጠጣው ሰው ጋር አለማገናኘቱ ነው።

ስለዚህ ለቆቦና ለመሰሎቿ ከተሞች የሚያስፈልገው ተጨማሪ ወረቀት ሳይሆን የሁለቱ መጋባት ነው። የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው ቧንቧ ሠራተኞች ስም በውሃ አገልግሎቱ ደጃፍ ተጽፎ ቢለጠፍ፥ አዲስ መስመር አፈር ከመልበሱ በፊት በግፊት ቢፈተሽና የሠሪው ስም በመዝገብ ቢገባ፥ ከመስመሩ ጫፍ ያሉት ነዋሪዎች አቤቱታቸውን የሚያሰሙበት ከመካከላቸው የተመረጠ ሰው ቢኖራቸው፥ የተቀበረው መጋጠሚያ እንደ ቦዩ የሚታይ ይሆናል። ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሆኖም ዕውቀት እያላቸው ማረጋገጫ የሌላቸው ነባር ሠራተኞች እንዳይገፉ የምዘናው ዋጋና ቦታ ሊቀርብላቸው ይገባል። አለዚያ ፈቃዱ የሙያ መመስከሪያ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ መዝጊያ ይሆናል።

የራያ ቆላ ገበሬ ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ሁሉ ተጠያቂነት ከታች ወደ ላይ መውጣት እንዳለበት ከጥንት ያውቃል። የከተማው ሕግም ከእርሱ የሚማረው ይህንኑ ነው።