የአናኮስቲያ ዕዳ፦ ወንዝ ሲጸዳ ዳር ላይ ማን ይቀራል?

ዛሬ የምናወጋው ስለ ወንዝ ነው። «ስለ ወንዝ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። አንፈርድባችሁም። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ወንዝ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ሽታው ነው። የቀበናን ድልድይ አፍንጫችንን ይዘን፣ እርምጃችንን አፍጥነን መሻገር ለምደን አድገናል። ስለዚህ መንግሥት ወንዝ ለማጽዳት ገንዘብ መደበ ሲባል «እሰይ!» ብለን እናልፋለን። ገንዘቡ ለምን እንደተሰጠ፣ ማንን እንደጠቀመ ብዙም አንጠይቅም።

ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ ሰፈር ግን አለ። ያውም ከአሜሪካ ምክር ቤት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ። ወንዙ አናኮስቲያ ይባላል። ከሜሪላንድ ተነስቶ ዋሽንግተንን እየሰነጠቀ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ፦ እነሱ በእግር የሚንሸራሸሩበት የስላይጎ ወንዝ ውኃ መጨረሻው አናኮስቲያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን አቆሸሸው?

ወንዙ ስሙን ያገኘው ዳርቻው ላይ ይኖሩ ከነበሩት የናኮችታንክ ሕዝቦች ነው። እነሱን የተኩት ነጭ የትምባሆ ገበሬዎች ጫካውን መነጠሩት። አፈሩ እየታጠበ ወንዙን ሞላው። በ1742 የተመሠረተውና የውቅያኖስ መርከብ ይገባበት የነበረው የብላደንስበርግ ወደብም በደለል ታፍኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ነው። በ1799 የባሕር ኃይሉ ወንዙ ዳር የመርከብ ግቢ ከፈተ፤ ኋላም ትልቅ የመድፍ ፋብሪካ ሆነ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1998 ይህንኑ ግቢ እጅግ ከተበከሉት የአገሪቱ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የከተማዋ አሮጌ ቱቦዎች ደግሞ የዝናቡን ውኃና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ በአንድ ላይ የሚያወርዱ ነበሩ። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ሁሉንም እንዳለ ወንዙ ውስጥ ይደፋው ነበር። በ1971 ከተማዋ መዋኘትን በሕግ ከለከለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ከወንዙ አምባዛ አውጥተው ሲመረምሩ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዓሦች ጉበት ላይ ዕጢ አገኙ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አበው። በዚህ ወንዝ ዳር የተናቀው ባለቤት ማን እንደነበር ታሪኩ ይናገራል። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በ1867 ከመንግሥት ቢሮ ቁራሽ መሬት እየገዙ ባሪ ፋርም የተባለውን ሰፈር መሠረቱ። ቀን በቅጥር ሥራ ሲደክሙ ውለው ማታ በፋኖስ ቤታቸውን ይሠሩ እንደነበር ይነገራል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የመጡት አውራ ጎዳናዎች ይህን ሰፈር ለሁለት ከፈሉት፤ ከወንዙም ቆረጡት። ከፍ ብሎ ኬኒልዎርዝ በተባለው ቦታ፣ እዚያው የጥቁሮች ሰፈር አጠገብ፣ የከተማዋ ቆሻሻ ለዓመታት በሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር። ነዋሪው ስለ ጭሱ ያልጮኸው ጩኸት የለም። የሰማው ግን የለም። በየካቲት 1968 እዚያ ሲጫወት የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ በእሳቱ ተቃጥሎ ሞተ። ማቃጠሉ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ሲመጣ

ታዲያ ገንዘቡ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የከተማዋን የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የወንዙ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ገተሩት፤ በ2005 በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ተፈረመ። በዚያ መሠረት ከከተማዋ ሥር ግዙፍ ዋሻዎች ተቆፈሩ። ዝናብ ሲጥል ፍሳሹ እዚያ ይጠራቀምና ኋላ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው የአናኮስቲያ ዋሻ በ2023 ሥራ ጀመሩ። ፌዴራል መንግሥቱ የተወሰነ ገንዘብ ቢሰጥም፣ በቢሊዮን ዶላር ከሚቆጠረው ወጪ አብዛኛውን የሚሸፍነው ነዋሪው በውኃ ሂሳቡ ነው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከሱቅ ፌስታል የሚወስድ ሁሉ አምስት ሳንቲም ይከፍላል፤ አብዛኛው ለወንዙ ፈንድ ገቢ ይሆናል።

በ2011 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የከተማ ወንዞችን ለማደስ ተባበሩ። ለሙከራ ከተመረጡት ሰባት ቦታዎች አንዱ አናኮስቲያ ነበር። በተከታዩ ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በየከተማው ለሚገኙ የማኅበረሰብ ድርጅቶች እስከ 60 ሺህ ዶላር የሚደርስ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ወጣቶች የውኃ ጥራት እንዲለኩ፣ ሰፈርተኛው ስለ ወንዙ እንዲመክር የሚያግዝ ገንዘብ ነበር። ከዋሻው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ገንዘቡ በሰፈሩ ሰው እጅ መግባቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ድጎማ ግን እንደዚህ አልነበረም። መድፍ ፋብሪካው አጠገብ 707 የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ነበሩ። በ2001 የፌዴራል መንግሥቱ ሰፈሩን ለማደስ ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ ሰጠ። ቤቶቹ ሲፈርሱ በእያንዳንዱ ምትክ አንድ ቤት እንደሚሠራ ቃል ተገባ። በ2008 ትልቅ የቤዝቦል ስታዲየም ተከፈተ፤ ውድ አፓርታማዎችና ምግብ ቤቶች ተደረደሩ። ቤቶቹ ከፈረሱ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቃል ከተገቡት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ገና አልተሠሩም ነበር። ወንዙ ዳር አምሯል። ሽታውን ችለው የኖሩት ሰዎች ግን መዓዛው ሲመጣ አልነበሩም።

ማዶ ያሉት ከዚህ ተማሩ። በአሮጌ ድልድይ ምሰሶዎች ላይ መናፈሻ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ግንባታው ሳይጀመር በ2015 ነባሩን ነዋሪ ከመፈናቀል የሚከላከል የቤት፣ የሥራና የንግድ ዕቅድ ወጣ። ከዚሁ ጋር ተያይዞ መሬትን በጋራ ይዞ ቤት ከአቅም በላይ እንዳይወደድ የሚጠብቅ የማኅበረሰብ ድርጅት ተቋቋመ።

ስጦታ ወይስ ዕዳ?

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ወንዝ ለማጽዳት የሚመደብ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ያቆሸሸው አካል የሚመልሰው ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው ለባለዕዳው ጎረቤት ሳይሆን ለአበዳሪው ነው። አበዳሪው ሽታውንና ጭሱን ችሎ የኖረው ሰው ነው።

እኛም ጋ በ2019 የሸገር ወንዞች ፕሮጀክት ሲነገረን 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ 29 ቢሊዮን ብር ተባልን፤ የተወሰነውንም የቻይና መንግሥት በእርዳታ ሸፍኗል። አዎ፣ የወንዝ ዳር መናፈሻ እንወዳለን፤ ፎቶም እንነሳለን። ግን አንድ ቀን የቀበናን ድልድይ አፍንጫችንን ሳንይዝ ስንሻገር፣ እስቲ ቆም ብለን ዙሪያችንን እንይ፦ ድሮ ሽታው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶቻችን አሁንም እዚያው አሉ?